ትንሹን ገንዘብ መላኪያው እንዳይበላው
የዲጂታል ገንዘብ የማስተላለፊያ ክፍያ እንዴት እንደሚሠራና የማኅበራት መሪዎች ሊያውቁት የሚገባ

ከግብርና ኤክስቴንሽን ዘጋቢያችን፤ አልዌሮ ግድብ

በጋምቤላ ክልል በአቦቦ ወረዳ የሚገኘው የአልዌሮ ግድብ በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት ባለሙያዎች እገዛ ሲገነባ 10,000 ሄክታር ያህል መሬት በመስኖ እንዲያለማ ታስቦ ነበር። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ዓመታትም ሳውዲ ስታር የተባለው ኩባንያ በዚሁ ውሃ ሩዝ ለማምረት በአካባቢው 10,000 ሄክታር መሬት ተከራይቷል። ስለ ግድቡ ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ይኸው ትልቁ ቁጥር ነው። በግድቡ ዙሪያ በሚኖረው ሕዝብ እጅ የሚዘዋወረው ገንዘብ ግን ትልቅ አይደለም። ከሐይቁ የወጣ ዓሣ፣ በእርጥበት መሬት የበቀለ በቆሎ፣ ማሽላና አትክልት የሚያስገኘው ብር ጥቂት በጥቂት የሚመጣና ጥቂት በጥቂት የሚሄድ ነው። ለልጅ ትምህርት ወደ ጋምቤላ ይላካል፤ ለዘር ይከፈላል፤ ለታመመ ዘመድ ይታዘዛል፤ ውጭ አገር ካለ ወገንም አልፎ አልፎ ይመጣል።

እንዲህ ያለው ጥቃቅን ክፍያ አንድ የቆየ ችግር አለበት። ይኸውም የመላኪያው ዋጋ ከሚላከው ገንዘብ ጋር ሲመዛዘን ከባድ መሆኑ ነው። ከአቦቦ እስከ ጋምቤላ ከተማ ያለው መንገድ ከ40 ኪሎ ሜትር አያንስም። 200 ብር ለማድረስ ሲል የደርሶ መልስ መሳፈሪያ የሚከፍል ሰው የላከው 200 ብር ቢሆንም ያወጣው ከዚያ በላይ ነው። 20,000 ብር ይዞ የሚሄደው ሰው የሚከፍለው መሳፈሪያም ያው ነው። መኪናው የሚያስከፍለው ስለ መቀመጫው እንጂ በኪስ ውስጥ ስላለው ገንዘብ አይደለም።

በቅርብ ዓመታት ወሬው ወደ ገጠርም እየዘለቀ የመጣው ቢትኮይንን የመሰለ ዲጂታል ገንዘብ፣ በተለምዶ ክሪፕቶከረንሲ የሚባለው፣ ይህን ችግር እንዳስወገደ ተደርጎ ሲነገር ይሰማል። ያለ ባንክ፣ ያለ ወረፋና ያለ ክፍያ ገንዘብ ከዓለም ዳር እስከ ዳር ይደርሳል ይባላል። ከዚህ ውስጥ እውነትም አለበት፤ ስሕተትም አለበት። ያለ ክፍያ የሚለው ግን ስሕተት ነው። ክፍያው እንዴት እንደሚሠራ ያልተረዳ ሰው ገንዘቡን በመላኪያ ሊያስበላ፣ ከዚያም አልፎ በአጭበርባሪዎች ሊዘረፍ ስለሚችል ጉዳዩ በማኅበራት መሪዎች ዘንድ በሚገባ ሊታወቅ ይገባል።

ሕጉ ምን ይላል?

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ሊሰመርበት ይገባል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ማስታወቂያ የአገሪቱ መገበያያ ገንዘብ ብር መሆኑን፣ ባንኩ ክሪፕቶከረንሲን ለክፍያ አገልግሎት እንዳልፈቀደና በዚህ ዓይነት ገንዘብ መገበያየትም ሕገወጥ መሆኑን አስታውቋል። ሕዝቡም ከድርጊቱ እንዲቆጠብና ሲያይ እንዲጠቁም አሳስቧል።

ይህን ጉዳይ ከሌላ ነገር ጋር የሚያደባልቁ ሰዎች አሉ። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ቢትኮይን ቆፋሪ የሚባሉ ኩባንያዎች ወደ አገራችን ገብተው ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኤሌክትሪክ መግዛታቸው እውነት ነው። ይሁን እንጂ ኩባንያዎቹ ኤሌክትሪክ ገዝተው ኮምፒውተር ማንቀሳቀሳቸው ገበሬው በቆሎውን በቢትኮይን እንዲሸጥ ተፈቅዷል ማለት አይደለም። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚቀርበው ማብራሪያ ሰው በዲጂታል ገንዘብ እንዲገበያይ ለመገፋፋት ሳይሆን፣ የሚነገረውን ከእውነቱ ለይቶ እንዲያውቅና በብርም ሲልክ የሚጠቅመውን ትምህርት እንዲቀስም የታሰበ ነው።

ክፍያው የሚታሰበው በክብደት ነው

ቢትኮይን ሥራ የጀመረው በ2001 ዓ.ም. ነው። አንድ ቢትኮይን 100 ሚሊዮን ሳቶሺ ወደሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች ይመነዘራል። ገንዘቡ በእጅ የሚዳሰስ ሳይሆን በብዙ ሺህ ኮምፒውተሮች ላይ በአንድ ዓይነት የተጻፈ መዝገብ ነው። አንድ ሰው ለሌላው ሲከፍል መዝገቡ ላይ አዲስ መስመር ይጻፋል። ቆፋሪ የሚባሉት ባለ ኮምፒውተሮች የክፍያ ትእዛዞችን ሰብስበው፣ መርምረው በአንድነት በመዝገቡ ላይ ያሰፍራሉ። ይህ አንድ ገጽ ብሎክ ይባላል። በአማካይ በየ10 ደቂቃው አንድ ገጽ ይሞላል። የገጹ ስፋት ደግሞ የተወሰነ በመሆኑ በአንዱ ገጽ የሚሰፍረው ክፍያ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሺህ አይበልጥም።

የጋምቤላ ሽማግሌዎች ይህን ነገር ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም። በ1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ተቋቁሞ፣ ሱዳን ነፃ እስከወጣችበት ዘመን ድረስ የምዕራቡ አገር ቡና በጋምቤላ ወደብ በኩል በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይጫን ነበር። ባሮ ለመርከብ የሚበቃው ክረምት ሲሞላ ብቻ በመሆኑ የመጫኛው ጊዜ አጭር ነበር። የመርከቡም ሆድ የተወሰነ ነው። እንዲህ ባለ ወደብ ጫኚው የሚጠይቀው ጆንያው ስንት ቦታ እንደሚይዝ ነው። ነጋዴው ሁሉ በአንድ ቀን ለመጫን ሲሽቀዳደምም የቦታ ዋጋ መውጣቱ አይቀርም።

የቢትኮይን ክፍያም እንደዚሁ ነው። ብሎኩን እንደ መርከብ፣ የክፍያ ትእዛዙን እንደ ጆንያ መቁጠር ይቻላል። የማስተላለፊያው ዋጋ የሚወሰነው ትእዛዙ በመዝገቡ ላይ በሚይዘው ቦታ ነው። ቦታው የሚለካው ባይት በሚባል መለኪያ ነው። የሚላከው 5 ዶላር ይሁን 5 ሚሊዮን ዶላር፣ ትእዛዞቹ እኩል ቦታ እስከያዙ ድረስ ክፍያቸው እኩል ነው።

ይህን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ተራ ትእዛዝ 140 ባይት ያህል ቦታ ይይዛል። የዕለቱ የቦታ ዋጋ ለአንድ ባይት 10 ሳቶሺ ቢሆን ላኪው 1,400 ሳቶሺ ይከፍላል ማለት ነው። ለስሌት እንዲቀል የአንድ ቢትኮይን ዋጋ 100,000 ዶላር ነው ብንል፣ ክፍያው 1 ዶላር ከ40 ሳንቲም ይሆናል። 1,000 ዶላር ለሚልክ ሰው ይህ ከመቶ 14 ሳንቲም ብቻ ስለሆነ ኢምንት ነው። 10 ዶላር ለሚልክ ሰው ግን ከመቶ 14 ዶላር በመሆኑ ከባድ ነው። የቦታው ዋጋ በአንድ ባይት ወደ 100 ሳቶሺ ከወጣ ደግሞ ክፍያው 14 ዶላር ይደርሳል። ያን ጊዜ 10 ዶላር መላክ ጨርሶ ትርጉም የለውም፤ ኪራዩ ከጭነቱ በልጧልና።

ሰልፉ ሲበዛ ዋጋው ይወጣል

ከላይ የተጠቀሰውን የቦታ ዋጋ የሚተምን መሥሪያ ቤት የለም። ላኪው ራሱ ለቦታው የሚከፍለውን ዋጋ ያቀርባል፤ ቆፋሪዎቹም የተሻለ የከፈለውን ያስቀድማሉ። በመሆኑም ዋጋው እንደ ገበያ ቀን ነው። ሰልፉ በቀለለበት ጊዜ ለአንድ ባይት 1 ሳቶሺ፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ በቂ ይሆናል። ሰልፉ በረዘመ ጊዜ ግን ዋጋው በብዙ እጥፍ ይወጣል።

ለዚህም ሁለት ማስረጃዎችን መጥቀስ ይበቃል። በታኅሣሥ ወር 2010 ዓ.ም. የቢትኮይን ዋጋ በፍጥነት ወጥቶ ብዙ ሰው ለመግዛትና ለመሸጥ በተረባረበ ጊዜ የአንድ ክፍያ አማካይ የማስተላለፊያ ዋጋ ከ50 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። በሚያዝያ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ በየአራት ዓመቱ ገደማ የሚደረገው የቆፋሪዎች ሽልማት ቅነሳ በተፈጸመበት ሰሞን የአንድ ቀን አማካይ ዋጋ ከ120 ዶላር አልፏል። በእነዚህ ቀናት ለልጁ 20 ዶላር ለመላክ ያሰበ አባት ዋጋው እስኪበርድ ከመጠበቅ በቀር ምርጫ አልነበረውም።

አነስተኛ ዋጋ ያቀረበ ሰው ትእዛዙ ወዲያው አይጠፋም፤ ተራ እየጠበቀ ይቆያል። በተለመደው አሠራር ሁለት ሳምንት ያህል ተራ ሳይደርሰው የቆየ ትእዛዝ ከመጠባበቂያው ሊሰረዝ ይችላል። ያን ጊዜም ገንዘቡ ከላኪው ዘንድ አልወጣም ማለት ነው። የቸኮለ ሰው በሚፈቅዱ የስልክ ፕሮግራሞች ዋጋውን ጨምሮ ትእዛዙን ማደስ ይችላል። ስለዚህ ተቀባዩ ተልኮልሃል የሚል መልእክት ስለ ደረሰው ብቻ ክፍያው ተጠናቅቋል ብሎ ዕቃውን ማስረከብ የለበትም። ክፍያው የሚጸናው በመዝገቡ ላይ ከሰፈረ በኋላ ነው።

ዝርዝሩ የሚከብደው ለምንድን ነው?

ስለ ጥቃቅን ክፍያ ሲነሣ ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም ነገር አለ። በቢትኮይን መዝገብ አንድ ሰው የተቀበላቸው ክፍያዎች ወደ አንድ ቋት ገብተው አይቀላቀሉም። እያንዳንዱ እንደ መጣ ለየብቻው ይቀመጣል። ጠቅላላውን ለማውጣት ሲፈለግ የእያንዳንዱ ክፍያ ማስረጃ በአዲሱ ትእዛዝ ውስጥ ተዘርዝሮ መግባት አለበት። በዚህም ምክንያት ከብዙ ጥቃቅን ክፍያዎች የተጠራቀመ 20 ዶላር በአንድ ጊዜ ከመጣ 20 ዶላር ይልቅ ይከብዳል። 2,000 ብር በባለ 200 ብር ኖት የያዘ ሰውና በባለ አንድ ብር ሳንቲም የያዘ ሰው ሸክማቸው አንድ እንዳልሆነ ሁሉ ማለት ነው።

አሁንም በስሌት እንየው። አንድ ዓሣ ሻጭ ውጭ አገር ሆኖ በቢትኮይን የሚሠራ ነው እንበል። ከአሥር ደንበኞች ሁለት ሁለት ዶላር ተቀብሏል። ይህን 20 ዶላር በአንድ ላይ ለማውጣት ሲፈልግ ትእዛዙ ወደ 720 ባይት ይጠጋል። በአንድ ባይት 10 ሳቶሺ ሒሳብ ክፍያው 7 ዶላር ከ20 ሳንቲም ይሆናል፤ ከመቶ 36 መሆኑ ነው። ያው 20 ዶላር በአንድ ጊዜ ተከፍሎት ቢሆን ኖሮ ትእዛዙ 110 ባይት ያህል ብቻ ስለሚይዝ የሚከፍለው 1 ዶላር ከ10 ሳንቲም ነበር። አሥሩ ደንበኞች ሲልኩ የከፈሉት ደግሞ ከዚህ ውጭ ነው።

ከሁሉ ያነሱት ክፍያዎች ጭራሹን ተቀባይነት የላቸውም። ለማውጣት የሚያስፈልገው ዋጋ ከራሱ የሚበልጥ ገንዘብ ብናኝ ተብሎ ይጠራል። በጥንቱ የቢትኮይን አድራሻ ዓይነት ከ546 ሳቶሺ በታች የሆነውን ክፍያ ኮምፒውተሮቹ አያስተላልፉም።

አገራችንም ይህን ትምህርት ከአሞሌ ጨው ዘመን ጀምሮ ታውቀዋለች። አሞሌው ከአፋር በረሃ ተነሥቶ በግመልና በበቅሎ ሲጓዝ የጭነቱ ወጪ እየተደመረበት ስለሚሄድ፣ በሩቁ ገበያ አንድ ማርትሬዛ ብር የሚያስገኘው የአሞሌ ቁጥር እያነሰ ይመጣ ነበር። የገንዘብ ዝውውር ጭነት አለው፤ ጭነቱንም የሚከፍል ሰው አለ።

የሌሎች ዲጂታል ገንዘቦች አከፋፈል

ሁሉም ዲጂታል ገንዘብ የሚሠራው በቢትኮይን ሥርዓት አይደለም። ኢቴሪየም በሚባለው መዝገብ ላይ ክፍያው ጋዝ በሚባል መለኪያ ይታሰባል። መለኪያውም ትእዛዙ ኮምፒውተሮቹን የሚያሠራው ሥራ ብዛት ነው። የኢቴሪየምን የራሱን ገንዘብ በቀላሉ ከሰው ወደ ሰው ማዛወር 21,000 ጋዝ ይፈጃል። በመዝገቡ ላይ የተመሠረቱ ሌሎች ገንዘቦችን፣ ለምሳሌ ዋጋቸው ከዶላር ጋር የተያያዘውን፣ ማዛወር ከዚያ በላይ ይፈጃል። እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው፣ ትእዛዙ በመሃል ቢከሽፍም ለተሠራው ሥራ የሚከፈለው ዋጋ የማይመለስ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ የማስተላለፊያው ዋጋ የሚከፈለው በመዝገቡ በራሱ ገንዘብ መሆኑ ነው። ዶላር መሰሉን ገንዘብ ተቀብሎ የመዝገቡ ገንዘብ የሌለው ሰው በአብዛኛው ያለውን ማንቀሳቀስ አይችልም። እህሉ ጎተራ ሞልቶ በቅሎ የሌለው ገበሬ ይመስላል።

የጥቃቅን ክፍያን ችግር ለማቃለል ከተፈለሰፉት ዘዴዎች የታወቀው ላይትኒንግ የሚባለውና ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ሥራ ላይ የዋለው ነው። ሐሳቡ ለገጠሩ ሰው እንግዳ አይደለም። ባለ ሱቅና ደንበኛ በዱቤ መዝገብ እየጻፉ ከርመው በወሩ መጨረሻ አንድ ጊዜ እንደሚተሳሰቡ፣ ሁለት ወገኖች በመጀመሪያ ገንዘብ አስይዘው በመካከላቸው ያለውን ብዙ ጥቃቅን ክፍያ በግል ሒሳባቸው ያወራርዳሉ። ወደ ትልቁ መዝገብ የሚሄዱት ሲጀምሩና ሲዘጉ ብቻ ነው። በመሃል ያለው ክፍያ በሳንቲም ክፋይ የሚቆጠር ነው። ይሁን እንጂ መጀመሪያ የሚያዘው ገንዘብ፣ መክፈቻና መዝጊያው፣ ስልክና ኢንተርኔቱ ሁሉ ወጪ አላቸው። ነፃ የሆነ ነገር የለም፤ ወጪው ቦታ ለወጠ እንጂ አልጠፋም።

ያልተጻፈውን ክፍያም መቁጠር

እስካሁን የተነገረው የመዝገቡ ክፍያ ነው። ከእጅ እስከ እጅ ያለው ሙሉ ወጪ ግን ከዚህ ይሰፋል። ላኪው ጥሬ ገንዘቡን ወደ ዲጂታል ሲለውጥ ገበያ አስተናጋጁ ኩባንያ ድርሻውን ይወስዳል። ከኩባንያው ሲያወጣም ብዙ ጊዜ ቁርጥ ያለ የመውጫ ክፍያ ይጠየቃል፤ ይህም መዝገቡ ከሚጠይቀው የተለየና ኩባንያው የሚወስነው ነው። ተቀባዩ ደግሞ ወደሚገበያይበት ገንዘብ ሲመልስ በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት ይከፍላል። ይህ ልዩነት በደረሰኝ ላይ አይጻፍም፤ ቢሆንም ክፍያ ነው።

በሕጋዊው መንገድ ከውጭ ለሚመጣው ገንዘብም ነገሩ ያው ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባል አገሮች በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ባጸደቁት የልማት ግብ፣ ስደተኞች ወደ አገራቸው የሚልኩት ገንዘብ መላኪያ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከመቶ 3 በታች እንዲወርድ ተስማምተዋል። የዓለም ባንክ ይህን የሚከታተለው በ200 ዶላር ሐዋላ ላይ የሚከፈለውን በመመዝገብ ሲሆን፣ ከሰሐራ በታች ያለው አፍሪቃ በመላኪያ ውድነት ከዓለም ግንባር ቀደም ሆኖ ቆይቷል። እዚህም ላይ ከባዱን ኪራይ የሚከፍለው ጥቂት ገንዘብ የሚልከው ወዛደር ነው። ስለዚህ ውጭ አገር ያለ ወገን የትኛው መንገድ እንደሚሻል ሲጠይቅ፣ የመላኪያውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን በመጨረሻ ስንት ብር በተቀባዩ እጅ እንደሚገባ አስልቶ እንዲያወዳድር ሊነገረው ይገባል።

በአገር ውስጥ ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን፣ ሳፋሪኮም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ኤም ፔሳን ሥራ አስጀምረዋል። ባንኮችም የስልክ አገልግሎት አላቸው። እነዚህ ሕጋዊና በብር የሚሠሩ ናቸው። የሞባይል ገንዘብ ዋጋ ብዙ ጊዜ በእርከን የተከፈለ ስለሆነ የጥቃቅን ክፍያ ሕግ እዚህም ይሠራል። 5 ብር የማውጫ ዋጋ በ100 ብር ላይ ከመቶ 5 ነው፤ በ5,000 ብር ላይ ግን ከመቶ 10 ሳንቲም ብቻ ነው። ታሪፉን ከወኪሉ ወይም ከድርጅቱ ጠይቆ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት መለጠፍ አንድ ቀን የማይፈጅ ሥራ ነው።

አንድነት ኪራይ ይቀንሳል

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ዋና ትምህርት አንድ ነው። ኪራዩ በጉዞ የሚቆጠር ከሆነ ጉዞውን መቀነስ፣ ጭነቱን ማሰባሰብ ይበጃል። በቢትኮይን እንኳ ለአሥር ሰዎች በአሥር ትእዛዝ የሚከፍል ሰው 1,400 ባይት ያህል ቦታ ይገዛል። አሥሩን በአንድ ትእዛዝ ቢያጠቃልል ግን 420 ባይት ያህል ይበቃዋል። ከሲሶ በታች ወረደ ማለት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ አንዱን ያስጎነበሰው ኪራይ ለብዙ ሲከፋፈል አይሰማም።

የገበሬዎችና የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበራት ይህን በብርም ሊሠሩበት ይችላሉ። አሥር አባላት ለየብቻቸው ለዘርና ለመረብ ወደ ጋምቤላ ገንዘብ ከሚልኩ፣ ማኅበሩ አሰባስቦ በአንድ ጊዜ ቢከፍል ወጪው ለአሥሩ ይከፋፈላል። ሆኖም የማሰባሰቡ ጥቅም ያለ ሒሳብ ወደ ጉዳት ይለወጣል። የአሥር ሰው ገንዘብ በአንድ ሰው ስልክ ውስጥ ሲገባ አደራውም በዚያው መጠን ይከብዳል። ስለዚህ ገንዘቡ በማኅበሩ ስም በተከፈተ ሒሳብ መግባት፣ ከሁለት በማያንሱ ኃላፊዎች መንቀሳቀስና ለእያንዳንዱ አባል ደረሰኝ መሰጠት ይኖርበታል። የተከፋፈለው ኪራይም በግልጽ ተጽፎ ለስብሰባ መቅረብ አለበት። የዘገየ ዘር ዝናብን ስለማይመልስ፣ ለማሰባሰብ ሲባል የእርሻ ወቅት ማለፍ እንደሌለበትም ሊዘነጋ አይገባም።

ክፍያን መሣሪያ ያደረገ ዝርፊያ

በመጨረሻም ከሁሉ የሚበልጥ ጥንቃቄ የሚሻ ጉዳይ አለ። በዓለም ዙሪያ በዲጂታል ገንዘብ ስም ከሚፈጸሙት ማጭበርበሮች አንዱ በዚሁ በማስተላለፊያ ክፍያ ላይ የተመሠረተ ነው። ለአንድ ሰው በስልኩ ብዙ ሺህ ዶላር እንደ ደረሰው የሚያሳይ ገጽ ይላክለታል። ገንዘቡን ለማስለቀቅ ግን በቅድሚያ የማስተላለፊያ ክፍያ፣ ግብር ወይም የማረጋገጫ ገንዘብ እንዲልክ ይጠየቃል። ሲልክ ሌላ ክፍያ ይጨመርበታል፤ ያንንም ሲልክ ሌላ። የመጀመሪያው ገንዘብ ግን ቀድሞውኑ አልነበረም።

የክፍያውን አሠራር የተረዳ ሰው በዚህ አይታለልም። የመዝገብ ክፍያን የሚከፍለው ላኪው ነው። ክፍያውም ትእዛዙ ሲተላለፍ ላኪው ከያዘው ገንዘብ ላይ ተቀናሽ ሆኖ ለቆፋሪዎች ወይም ለመዝገቡ ጠባቂዎች ይሄዳል እንጂ በቴሌብር ወይም በባንክ ሒሳብ ለአንድ ግለሰብ የሚላክ አይደለም። ገንዘብህን ለማግኘት ገንዘብ ላክ የሚል ሁሉ በማናቸውም ስም ቢመጣ ዘራፊ ነው። የምስጢር ቃልህን ስጠኝ የሚልም እንዲሁ። ከዚህም ሌላ በዚህ ዓይነት መዝገብ ላይ የጸና ክፍያ የሚመለስበት መንገድ የለም፤ አቤት የሚባልበት የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅም የለም። ሰው አምጡ፣ ትርፍ ይከፈላችኋል እያሉ ወጣቱን የሚመለምሉትንም በዚሁ ዓይን መመልከት ይገባል።

ከመሪዎች የሚጠበቅ

እንግዲህ የማኅበራት መሪዎች በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባቸው አራት ነገሮችን ቢያስረዱ አባሎቻቸውን ከብዙ ጉዳት ያድናሉ።

አንደኛ፣ በአገራችን ሕጋዊው መክፈያ ብር መሆኑንና ብሔራዊ ባንክ በክሪፕቶከረንሲ መገበያየትን መከልከሉን ማሳወቅ።

ሁለተኛ፣ ማንም ሰው ገንዘብ ከመላኩ በፊት ሦስት ጥያቄ እንዲጠይቅ ማስተማር፤ ክፍያው በጉዞ ነው ወይስ በመቶኛ? በተቀባዩ እጅ ስንት ይደርሳል? ቢዘገይ ወይም ቢሳሳት ማን ይመልሳል?

ሦስተኛ፣ ጥቃቅን ክፍያዎችን በማኅበር አሰባስቦ የመላክን ልምድ በደረሰኝና በቁጥጥር ማደራጀት።

አራተኛ፣ ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅ መልእክት የደረሰው አባል አንድ ሳንቲም ከመላኩ አስቀድሞ ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ወይም ለፖሊስ እንዲያሳውቅ ማድረግ።

የአልዌሮ ሕዝብ ገንዘብ ከመረብና ከማረሻ የሚወጣ የላብ ፍሬ ነው። ከመረብ ያመለጠ ዓሣ ነገ ይጠመዳል። ለዘራፊ የተላከ ገንዘብ ግን አይጠመድም። በየጉዞው የሚንጠባጠበውንም ኪራይ ቆጥሮ ማስቀረት ተጨማሪ ምርት እንደ መሰብሰብ የሚቆጠር የልማት ሥራ ነው።